ናሎክሶኑ አለ፤ ቁልፉ የት ነው?

ናሎክሶንን፣ እንደ ሄሮይንና ፌንታኒል ያሉ ነገሮች በዝተውበት ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚመልሰውን መድኃኒት፣ ገዝቶ ያስቀመጠን ትምህርት ቤት ለመፈተን ብዙ ጥያቄ አያስፈልግም። ነርሷ ምሳ ወጥታለች። ሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አንድ ተማሪ ወድቆ ተገኝቷል። መድኃኒቱ አፍንጫው ውስጥ እስኪገባ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የተለመደው መልስ «መድኃኒቱማ አለን፣ ክሊኒኩ ውስጥ ተቆልፎበታል» የሚል ነው። ቁልፉስ? እሱም ከነርሷ ጋር ምሳ ወጥቷል።

ደቂቃ የምቆጥረው በከንቱ አይደለም። መተንፈስ ያቆመ ሰው አንጎል ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ያህል ኦክስጅን ካጣ የማይመለስ ጉዳት ይጀምረዋል። አምቡላንስ በዚህ ጊዜ ውስጥ መድረሱ በብዙ ቦታ የዕድል ጉዳይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ግዢው ከመፈጸሙ በፊት መወሰን ያለበት ሳጥኑ የት እንደሚሰቀልና ማን እንደሚከፍተው ነው።

የሚሠራውና የማይሠራው

ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ኦክሲኮዶን፣ ሜታዶን፣ ሄሮይን፣ ፌንታኒል ሁሉም ኦፒዮይድ ናቸው። አንጎል ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ ተቀባዮች ላይ ይጣበቃሉ። ሕመም ያስታግሳሉ፤ መጠናቸው ሲያልፍ ግን አንጎል «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ መጀመሪያ ያዘገዩታል፣ ከዚያ ያጠፉታል። ሰውን የሚገድለው ይህ የትንፋሽ መጥፋት ነው፤ ልብ የሚቆመው ቀጥሎ ነው። ናሎክሶን እነዚያኑ ተቀባዮች ከአብዛኞቹ ኦፒዮይዶች በበረታ ጉልበት ይይዛል። የተጣበቀውን አስለቅቆ ቦታውን ይወስዳል፣ ራሱ ግን የሚቀሰቅሰው ስሜት የለም። አያሰክርም፣ ሱስ አያስይዝም። ስለዚህ «ተማሪዎች ይሰርቁታል» የሚለው ሥጋት ብዙ አያስኬድም፤ ተሰርቆ ምንም አይደረግበትም።

ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው ቢሰጥም ጉዳት አያደርስም። በስኳር ማነስ ወይም በሚጥል በሽታ ምክንያት ራሱን የሳተ ልጅ አፍንጫ ውስጥ በስህተት ቢረጭ የሚባክነው አንድ ስፕሬይ ብቻ ነው፣ የልጁ ትክክለኛ ሕመም እስካልተረሳ ድረስ። «እርግጠኛ ሳልሆን ብሰጠውስ?» ለሚል መምህር መልሱ ይህ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። የፓተንት ማመልከቻው በ1961 ገባ፤ በ1971 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በመርፌ ሲሰጥ ኖረ። መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው እንዲሰጠው ያስቻለው በ2015 የተፈቀደው ባለ 4 ሚሊግራም የአፍንጫ ስፕሬይ ነው፤ ናርካን በሚለው የንግድ ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። በ2023 እዚያው አሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ማዘዣ ግዴታ በሆነበት አገር ትምህርት ቤቱ የአንድ ልጅ ስም የሌለበት፣ ለተቋሙ የተጻፈ ቋሚ ማዘዣ ማግኘት ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አሁን ስለማይሠራው። ናሎክሶን አልኮልን አያበርድም። ዲያዜፓምንና መሰሎቹን የማስተኛ መድኃኒቶች፣ ኮኬይንን፣ አምፌታሚንንም አይነካም። በአንዳንድ አገሮች ሕገወጥ ፌንታኒል ውስጥ የሚቀላቀለው የእንስሳት ማደንዘዣ ዛይላዚንም በናሎክሶን አይመለስም። ትራማዶልን የሚመልሰው በከፊል ነው፤ ትራማዶል በብዛት የወሰደ ሰው በራሱ የመንቀጥቀጥ አደጋ አለበትና ትንፋሹ ቢመለስም ዓይን ሊነቀልበት አይገባም። ቡፕረኖርፊን የሚባለው ኦፒዮይድ ደግሞ ተቀባዮቹን አጥብቆ ስለሚይዝ ከአንድ በላይ መጠን ሊፈልግ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር አንድ ነው፤ ከስልጠና ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢታወስ ይህ ይታወስ እላለሁ፦ የሚፈለገው ልጁ እንዲነቃ ሳይሆን እንዲተነፍስ ነው። ፌንታኒሉን ከማስተኛ መድኃኒት ጋር የወሰደ ልጅ ናሎክሶን ሲሰጠው ትንፋሹ ተመልሶ ሳለ እንቅልፉ ሊቀጥል ይችላል። ይህን ያልተረዳ ሰው «አልነቃም» እያለ ሦስተኛ፣ አራተኛ ስፕሬይ ይጨምራል። እጁ ስፕሬይ ሲፈታ አፉ ትንፋሽ መስጠት ያቆማል።

ሳጥኑ የት ይሰቀል

ኤኢዲ የሚባለው የልብ ማነቃቂያ ማሽን ያለው ትምህርት ቤት ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል። ናሎክሶኑን እዚያው አጠገቡ መስቀል ነው። ሰው ሁሉ የሚያልፍበት መተላለፊያ ላይ ነው፣ ምልክት አለው፣ የሚፈትሸው ሰውም ተመድቦለታል። ቦታው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሰዓት ይዞ መራመድ ያስፈልጋል። ከሕንፃው ሩቅ ጥግ፣ በተለይ ከመጸዳጃ ቤቶቹ፣ ተነስቶ ሳጥኑ ጋ ደርሶ ለመመለስ ከ3 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ሌላ ሳጥን ያስፈልጋል። ደረጃውን የምትለኩት ተማሪ በሌለበት ሰዓት ከሆነ ቁጥሩ ያታልላችኋል። የዕረፍት ደወል ሲደወል ለኩት።

መቆለፍን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ በትምህርት ሰዓት ቁልፍ አይኑር። የሚያሠጋችሁ ነካክተው እንዳያበላሹት ከሆነ በእጅ የሚበጠስ፣ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ በቂ ነው። ከተበጠሰ ተከፍቷል ማለት ነው፤ የሚፈትሸው ሰው ከሩቅ ያየዋል። ሲከፈት የሚጮህ ሳጥንም አለ። እሱ ሌላ ጥቅም አለው፤ ጩኸቱ ራሱ ረዳት ይጠራል።

ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለው ይረሳል። የማታ ኳስ ጨዋታ አለ፣ የወላጆች ስብሰባ አለ፣ ቅዳሜ አዳራሹን የተከራዩ ሰዎች አሉ። የሕንፃው ግማሽ በር በዚያ ሰዓት ተዘግቶ ይሆናል፤ ሳጥኑ ከተዘጋው በር ኋላ ከቀረ የለም ማለት ነው። ለስፖርት ሜዳና ለትምህርታዊ ጉዞ በመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ውስጥ የሚሄድ የራሱ ጥንድ ይኑረው፤ ከግድግዳው ሳጥን አይበደር። የተበደረ ይረሳል።

ሙቀት፣ ብርድ፣ ቀን

የአፍንጫ ስፕሬዩ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀመጣል። ለአጭር ጊዜ እስከ 40 ዲግሪ ይችላል። ስለዚህ ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብና ማሞቂያ በላይ አይሰቀልም፤ ብርሃን እንዳይነካውም በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ፀሐይ ላይ የቆመ አውቶቡስ ውስጡ ከ40 ዲግሪ በቀላሉ ያልፋል። ለአውቶቡስ የተመደበው መድኃኒት ከሾፌሩ ቦርሳ ጋር ወጥቶ የሚገባ እንጂ መኪናው ውስጥ የሚያድር መሆን የለበትም።

በጣም በሚበርድ አገር ችግሩ ተቃራኒ ነው። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሲያልፍ ፈሳሹ ይረጋል፣ ስፕሬዩም አይረጭም። የረጋ ስፕሬይ በክፍል ሙቀት 15 ደቂቃ ከቆየ ይቀልጣል፤ ከቀለጠም በኋላ መጠቀም ይቻላል። ተጎጂው ፊታችሁ ወድቆ እያለ ግን እስኪቀልጥ አይጠበቅም፤ የአደጋ ጊዜ ስልክ እየተደወለ ትንፋሽ ይሰጠዋል።

የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ካርቶኑ ላይም ስፕሬዩ ላይም ታትሟል። ሁለቱን አነጻጽሩ፤ አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አሮጌ ስፕሬይ በአዲስ ካርቶን ገብቶ ይገኛል። በጥር 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የናርካን ባለ 4 ሚሊግራም ዕድሜ ከ3 ወደ 4 ዓመት እንዲራዘም ፈቅዷል። ይህ የሚሠራው ከዚያ ወዲህ ለተመረተው ነው፤ አስቀድሞ የተመረተው ላዩ ላይ በተጻፈው ቀን ይመራል። ቀኑ ያለፈበት ስፕሬይ መርዝ አይሆንም፤ ኃይሉ ይቀንስ ይሆናል እንጂ። አዲሱ ሳይመጣ አሮጌውን አትጣሉ፤ ሌላ በሌለበት ደቂቃ እሱን መስጠት ምንም ካለመስጠት ይሻላል። አዲሱ ሲገባ ግን አሮጌው በዚያው ሰዓት ይውጣ።

በወር አንድ ጊዜ፣ ኤኢዲው በሚፈተሽበት ቀን፣ አንድ ስሙ የታወቀ ሰው ሳጥኑ ፊት ቆሞ የሚያየው ማሰሪያው አለመበጠሱን፣ ሁለቱ ስፕሬዮች መኖራቸውን፣ ማሸጊያቸው አለመቀደዱን፣ ቀኑንና የሳጥኑን ሙሉነት ነው። ይፈርማል። «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለን ሳጥን ማንም አያየውም።

ሳጥኑ ውስጥ ምን ይኑር? ሁለት ስፕሬይ፣ ቢያንስ። አንዱ ላይበቃ ይችላል፣ አንዱ በድንጋጤ ወለል ላይ ሊረጭ ይችላል። ሁለት ጥንድ ጓንት፣ አንድ መንገድ ብቻ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው የትንፋሽ ማስክ፣ በትልልቅ ፊደልና በሥዕል የተሠራ የአንድ ገጽ መመሪያ፣ እና ማርከር። ማርከሩ ሰዓት ለመጻፍ ነው፤ ወረቀት ከጠፋ ጓንቱ ላይ ይጻፋል። የስልጠና ስፕሬይ ግን እዚህ ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። መልኩ ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የለም። ለስልጠና የሚውሉት ተለይተው፣ ቀለም ተቀብተው፣ ሌላ ክፍል ይቀመጡ።

ባለ 8 ሚሊግራም ስፕሬይም በገበያ ላይ አለ፤ «ጠንከር ያለው ይሻላል» ብሎ የሚገዛ አይጠፋም። የኒውዮርክ ግዛት ፖሊሶች ሁለቱንም ተጠቅመው ውጤቱ በ2024 ሲታተም በሕይወት በመትረፍ በኩል ልዩነት አልታየም፤ 8 ሚሊግራም በተሰጣቸው ላይ ግን ማስታወክን ጨምሮ የማቋረጥ ሕመም፣ ማለትም ኦፒዮይድ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲነጠቅ የሚመጣበት፣ በዝቶ ታይቷል። ለትምህርት ቤት 4 ሚሊግራሙ ይበቃል። ለትልቅም ለትንሽም ልጅ ያው አንድ መጠን ነው፤ በኪሎ ማስላት የለም። ስፕሬዩ በማይገኝበት ቦታ 0.4 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር የሆነው መርፌ ጭን ወይም ትከሻ ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ እሱ ግን ለነርስ ይተው፤ መድኃኒቱ ያለበት የመስታወት ብልቃጥ በሚንቀጠቀጥ እጅ አይሰበርም።

ተኝቷል ወይስ?

ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ደቂቃ ከመጀመሪያው እይታ ላይ ነው። ኦፒዮይድ የበዛበት ሰው ያንኮራፋል፣ ጉሮሮው ውስጥ ውኃ እንዳለ ይንኮረኮራል። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ራሱን ደፍቶ የሚያንኮራፋ ተማሪ ሲታይ የሚመጣው ሐሳብ «ማታ ሳይተኛ አድሮ ነው፣ ተዉት» የሚል ነው። አትተዉት፤ ስሙን ጠርታችሁ ትከሻውን ወዝውዙት። ካልመለሰ ጡጫ ጨብጣችሁ በጣት አንጓዎች የደረቱን አጥንት መሐል አጥብቃችሁ እሹት፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ። የተኛ ልጅ በዚህ ይነሳል፣ ይቆጣችኋልም። በመድኃኒት የደነዘዘ ግን ገና የሚተነፍስ ልጅ ያጉረመርማል፤ እሱ ናሎክሶን አይደለም የሚያስፈልገው፣ አጠገቡ የሚቀመጥና እርዳታ የሚጠራለት ሰው ነው። ምንም ምላሽ ከሌለ ወደ ትንፋሹ እለፉ።

ደረቱን እያያችሁ 10 ሰከንድ ቁጠሩ። በዚያ ውስጥ አንድ ትንፋሽ ብቻ ወይም ምንም ከሌለ፣ ወይም እንደ ዓሣ አፉን እየከፈተ የሚያጣጥር ከሆነ፣ እየተነፈሰ አይደለም ብላችሁ ቁጠሩት። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ መጥበብ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሌላ ነገር ከተቀላቀለ ግን ላይጠብ ይችላል፣ ስለዚህ ብሌኑ ሰፊ ነው ብላችሁ አትቁሙ። የቆዳ መሰማየትን የሚያሳዩት የስልጠና ሥዕሎች አብዛኞቹ በነጭ ቆዳ ላይ የተሠሩ ናቸው። በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሰማያዊ አይፈለግም፤ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ የከንፈሩ ውስጥ፣ ድዱና የጥፍሩ ሥር ደግሞ ወደ ግራጫ ያዘነብላል።

እጅ የሚሠራው

ያገኘው ሰው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ይጮኻል። ከሚመጡት አንዱ በስሙ ተጠርቶ የአደጋ ጊዜ ስልክ ይደውላል፤ «አንድ ሰው ይደውል» ሲባል ማንም አይደውልም። ሌላው ሳጥኑንና ኤኢዲውን ያመጣል፣ ሌላው ተማሪዎቹን ያርቃል፣ አንዱ ደግሞ ዋናው በር ላይ ቆሞ የአምቡላንሱን ሰዎች ይመራል። ይህ አራተኛው ሰው ብዙ ጊዜ አይመደብም፤ ትልቅ ግቢ ውስጥ ባለሙያዎቹ ትክክለኛውን ሕንፃ ፍለጋ ሲዞሩ የሚያልቀው ደቂቃ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ልጁ በጀርባው ይተኛ። አፉ ውስጥ ክኒን፣ ማስቲካ፣ ትውከት ካለ የሚታየውን አውጡ። ሰውነቱ ላይ የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ተለጥፎ ከሆነ በጓንት ላጡት፤ ፌንታኒል በፕላስተር መልክም ይታዘዛል፣ እላዩ ላይ እስካለ ድረስም መግባቱን ይቀጥላል።

ስፕሬዩን ከማሸጊያው አውጡ። አውራ ጣት ከታች መጫኛው ላይ፣ ጠቋሚና የመሐል ጣት ከጫፉ ግራና ቀኝ ይያዝ። እንዳትሞክሩት! ይህ ከሁሉም ስህተት የሚበዛው ነው። የአስም መድኃኒትና የጉንፋን ስፕሬይ የለመደ እጅ አየር ላይ አንድ ጊዜ «ፊስ» ማድረግ ይቃጣዋል፤ እዚህ ውስጥ ያለው ግን 0.1 ሚሊሊትር፣ አንድ መጠን ብቻ ነው፣ ከወጣ ወጣ። በሌላው እጅ አንገቱን ደግፋችሁ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጉ። ጫፉን አንድ አፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ ጣቶቻችሁ አፍንጫውን እስኪነኩ አስገቡ፤ መጫኛውን እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ ግፉት። በግማሽ አይገፋም። ልጁ ስለማይተነፍስ አይሠራም ብላችሁ አትስጉ፤ መድኃኒቱ የሚገባው በአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ነው፣ ወደ ሳንባ መሳብ አያስፈልገውም።

ሰዓቱን ጻፉ። ከዚህ በኋላ ያለው 2 እና 3 ደቂቃ ዝም ብሎ የሚጠበቅበት አይደለም፤ መድኃኒቱ እስኪይዝ አንጎሉን የምታኖሩት እናንተ ናችሁ። ማስኩን ግጠሙ፣ አገጩን ከፍ አድርጉ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ ንፉ። ለጎረመሰ ተማሪ በየ6 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ፣ ለትንሽ ልጅ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ልዩነት። ደረቱ ካልተነሳ የአገጩን አያያዝ አስተካክሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምላስ ነው የዘጋው። በኃይል መንፋት አየሩን ወደ ሆድ ይልከውና ትውከት ያመጣል። ትንፋሽ ብቻ የሚሰጠው የልብ ምትን መለየት የሰለጠነ ሰው ምት መኖሩን ካረጋገጠ ነው። ምት ከሌለ፣ ወይም ያልሰለጠነ ሰው ብቻውን ከሆነና ልጁ ጨርሶ የማይተነፍስ ከሆነ፣ ደረት እየገፉ ትንፋሽ መስጠት ወደሆነው ሲፒአር ይታለፋል፦ 30 የደረት ግፊት፣ 2 ትንፋሽ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ግፊት፣ ኤኢዲውም ይለጠፋል። ናሎክሶን የቆመ ልብ አያስነሳም፤ ስፕሬይ ለማምጣት ተብሎ ግፊት አይቋረጥም።

ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ትንፋሹ ካልተስተካከለ ሁለተኛው ስፕሬይ በሌላኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ይሰጣል። ያው ስፕሬይ ሁለቴ አይረጭም፤ ባዶ ነው።

ስለ ወተት፣ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ጥፊ የሚሰማው ሁሉ ይቅር። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ፈሳሽ ወደ ሳንባው ይሄዳል። በሌላ በኩል ፌንታኒል ነክቻለሁ ብሎ ራሱን የሚያዞረው ረዳት ያጋጥማል። ዱቄቱ ቆዳ ስለነካ ብቻ ሰው ትንፋሽ አያቆምም፤ የአሜሪካ የመርዝ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበራት ይህን በ2017 በጋራ መግለጫ አስረድተዋል። ጓንት ይደረግ፣ ከነካም በውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ግን አይሁን። በፍርሃት ወደ ኋላ የሚቆም ሰው ካለ ዋጋውን የሚከፍለው የወደቀው ልጅ ነው።

ከነቃ በኋላ

ትንፋሹ ሲስተካከል በጎን አስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበት አጥፋችሁ፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጋችሁ። ትውከት ቢመጣ ወደ ውጭ ይፈሳል።

ልጁ ሲነቃ አያመሰግናችሁም። ኦፒዮይድ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲነጠቅ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ መንቀጥቀጥ፣ ቁጣ ይመጣበታል። የት እንዳለ አያውቅም፤ ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው አስር ሰው እላዩ ላይ ተደፍቶ ነው። አንድ ሰው ብቻ ዝግ ባለ ድምፅ ያናግረው፦ መተንፈስ አቁሞ እንደነበር፣ መድኃኒት እንደተሰጠው፣ ሐኪሞች እየመጡ መሆኑን። «ምን ወስደህ ነው? ማን ሰጠህ?» የሚለው ምርመራ በዚህ ሰዓት አይደረግም። አጠገቡ ክኒን ወይም ፓኬት ከተገኘ ለአምቡላንሱ ሰዎች ይሰጣል።

ደህና ነኝ፣ ልሂድ ይላል። እዚህ ላይ መሸነፍ አደገኛ ነው። ናሎክሶን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ያህል ነው። ሜታዶንን የመሰሉ ኦፒዮይዶች ከዚያ ረዝመው ሰውነት ውስጥ ይቆያሉ። መድኃኒቱ ሲለቅ ተቀባዮቹ እንደገና ይያዛሉ፣ ትንፋሹም ቤቱ አልጋው ላይ ማንም ሳያየው ሊቆም ይችላል። ነቅቶ ቢራመድም፣ ቢስቅም፣ ሆስፒታል ሄዶ ለሰዓታት ክትትል ይደረግለታል። ወላጅ መጥቶ «እኔ እወስደዋለሁ» ቢል ይኸው ምክንያት በግልጽ ይነገረው።

መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የተገኘበት ሰዓትና ቦታ፣ የታዩት ምልክቶች፣ እያንዳንዱ ስፕሬይ የተሰጠበት ሰዓትና የምርት ቁጥሩ፣ ትንፋሽ መቼ እንደተመለሰ፣ ለማን እንደተረከበ ነው። «ሱሰኛ» የሚል ቃል አይጻፍም። መዝጋቢው የሚያውቀው ያየውን እንጂ የልጁን ታሪክ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በሐኪም የታዘዘለትን ክኒን ሁለቴ የዋጠም፣ ጓደኛው «የራስ ምታት ነው» ብሎ የሰጠውን አስመስለው የሠሩትን ክኒን የዋጠም ሊሆን ይችላል።

ስለ ሕግ ነክ ፍርሃት አንድ ነገር ልበል። በቅን ልቦና የረዳን ሰው የሚጠብቅ ሕግ በብዙ ቦታ አለ፣ ዝርዝሩ ግን ይለያያል። ትምህርት ቤቱ የራሱን በጽሑፍ ያውጣ፦ ማን መስጠት እንደሚችል፣ ስልጠናው በስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ የሰጠው ሠራተኛ እንደማይጠየቅበት። ከዚያ በላይ ግን ለተማሪዎቹ የሚነገረው ይከብዳል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ጓደኛው የወደቀበት ልጅ የመጀመሪያው ሥጋት «ከትምህርት ቤት እባረራለሁ» ነው፤ በዚያ ሥጋት በሩን ዘግቶ ጓደኛው እስኪነቃ ይጠብቃል። እርዳታ የጠራ ተማሪ በመጥራቱ እንደማይቀጣ በግልጽ ካልተነገረ፣ ለሳጥኑ ቦታ ስንት ደቂቃ እንደተለካለት ትርጉም አይኖረውም።

ማን ይሰልጥን ከተባለ፣ ከነርሷ በፊት የጽዳት ሠራተኞችን፣ ጥበቃዎችን፣ የስፖርት መምህራንንና ሾፌሮችን አስባለሁ። የወደቀ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት እነሱ ናቸው፣ የስልጠና ወረቀት ሲዞር የሚታለፉትም እነሱ ናቸው። ስልጠናው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ስላይድ ቀንሱና በስልጠና ስፕሬዩ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ይጫን፤ ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ማስታወቂያ፣ አሻንጉሊት መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ አስተኝታችሁ ሰዓት ያዙ። ማን ወደየት እንደሮጠ፣ የትኛው በር እንደዘጋበት፣ ማን ስልኩን ክፍል ረስቶት እንደመጣ በአንድ ልምምድ ውስጥ ይታያል።

አንድ ስፕሬይ እንኳ ከሳጥኑ ከወጣ ሳጥኑ ጎዶሎ ነው። ምትኩ እስኪመጣ ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል አንድ ጥንድ መጠባበቂያ በክሊኒኩ ይኑር። በዚያው ቀን፣ የመጨረሻው ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት፣ ስፕሬዩ፣ ጓንቱና ማስኩ ይተካሉ፣ አዲስ ማሰሪያ ይታሰራል፣ ቁጥሩም መዝገቡ ላይ ይጻፋል።